የስኳር ሕሙማን ዘብ፤ የአንድ ሙያ ታሪክ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የደሙ ስኳር ከልክ በታች መውረድ በጀመረ ጊዜ፣ ሕመምተኛው ራሱ ገና ምንም ሳይሰማው፣ በማሽተት ብቻ ለይቶ የሚያስጠነቅቅ ውሻ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር መሠልጠን ከጀመረ ብዙ ዘመን ስላልሆነው፣ አብዛኛው ሰው ነገሩን እንደ ዘመን አመጣሽ ልማድ ይቈጥረዋል። ታሪኩን ወደ ኋላ እየተከተለ ለሚመረምር ሰው ግን ይህ ሙያ ከሐኪሞች ቤተ ሙከራ፣ ከዓይነ ስውራን መንገድና ከጦር ሜዳ እየተቃረመ የመጣ መሆኑ ይገለጥለታል፤ ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካው ደግሞ ውሻ ዛሬ ዘብ የሚቆምለት አደጋ ራሱ አስቀድሞ በውሾች ሕይወት ከተገዛ መድኃኒት ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑ ነው። ይህን ዕዳ ሳይናገሩ ስለ ውሻው ብልኅነት ብቻ ማውራት ታሪኩን ከወገቡ መጀመር ይሆናልና፣ እኔ ከሥሩ እጀምራለሁ፤ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1889 ዓ.ም. ስትራስቡርግ በምትባለው ከተማ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ ቆሽት ለምግብ መፈጨት ያለውን ጥቅም ለማወቅ ሲሉ፣ ከአንድ ውሻ ሆድ ውስጥ ቆሽቱን ፈጽመው አወጡት። ውሻው ከቀዶ ሕክምናው ተርፎ ቆመ፤ ነገር ግን ያለ ማቋረጥ ይጠማውና ያለ ማቋረጥ ይሸና ጀመር፤ ሚንኮቭስኪም ሽንቱን ቢመረምረው ስኳር የመላበት ሆኖ አገኘው። ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት በኵላሊት ወይም በጉበት ሲያመካኙበት የኖሩት ሕማም ምንጩ በቆሽት ውስጥ መሆኑ በዚያች ዕለት በአንድ ውሻ ሥጋ ተመሰከረ።

ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ብዙዎች ከቆሽት ውስጥ መድኃኒቱን ጨምቆ ለማውጣት ደከሙ፤ ሆኖም ጥረታቸው ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ፣ በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን ያለው ወላጅ ከሐኪም የሚያገኘው ምክር ልጁ እጅግ ጥቂት እየበላ ሞቱን በጥቂት ወራት እንዲያራዝም ብቻ ነበር። በጥቅምት 1920 መጨረሻ ሌሊት ፍሬዴሪክ ባንቲንግ የተባለ ወጣት ካናዳዊ ቀዳጅ ሐኪም አንድ አሳብ መጣለትና ከመኝታው ተነሥቶ በማስታወሻው ጻፈው፤ በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወርም በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ሰጥተውት፣ ቻርልስ ቤስት የሚባል ተማሪ ረዳት ሆኖለት፣ ሥራው ተጀመረ። ሥራው በውሾች ላይ ነበር። ከውሾቹ የአንዳንዶቹ የቆሽት ቧንቧ እየታሰረ ቆሽታቸው እንዲመነምን ለሳምንታት ይጠበቃል፤ የሌሎቹ ቆሽት ፈጽሞ ይወጣና በስኳር ሕመም እንዲያዙ ይደረጋል፤ ከዚያም ከፊተኞቹ የተጨመቀው ፈሳሽ ለኋለኞቹ ይወጋል። በዚያ የበጋ ሙቀት ብዙ ውሾች ሞቱ። ከነዚህም መካከል ማርጆሪ የሚል ስም የወጣላት አንዲት ውሻ ቆሽቷ ከወጣ በኋላ በመርፌው ኀይል 70 ቀን ያህል በሕይወት ቆየች፤ ለሊቃውንቱ ተስፋ የሰጠቻቸውም እርስዋ ናት።

ጥር 11 ቀን 1922 ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ሰውነቱ ከስቶ ክብደቱ ከ30 ኪሎ በታች ሆኖ፣ በቶሮንቶ ጠቅላላ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ፈሳሹ ገና አልጠራም ነበርና ቍስል አስከተለበት እንጂ ብዙም አልረዳውም፤ ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ሌት ተቀን ደክሞ ካጠራው በኋላ ግን ጥር 23 ቀን መርፌው ተደገመለትና የልጁ ስኳር ወረደ፤ ልጁም ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በ1923 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ተሰጠ፤ ባንቲንግ ድርሻውን ለቤስት፣ ማክላውድም ለኮሊፕ አካፈሉ። ውሾቹ ያለ ፈቃዳቸው የከፈሉትን ሳስብ ደስታዬ ካዘን ጋር ይቀላቀላል፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ኢንሱሊን በተባለው በዚህ መድኃኒት የዳነውን የሰው ልጅ ቍጥር ሳስብ ያ መሥዋዕትነት ባይከፈል ይሻል ነበር ለማለት አልደፍርም።

ይህ ብፁዕ መድኃኒት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከባድ አደጋ አብሮት ነበር። ኮሊፕ ያጠራውን ፈሳሽ ኀይሉን ለመመዘን በጥንቸሎች ላይ ሲሞክረው፣ መጠኑ በበዛ ጊዜ ጥንቸሎቹ ይንዘፈዘፉና ራሳቸውን ይስቱ ነበር፤ የስኳር ውኃ ሲሰጣቸው ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። በሰውም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ኢንሱሊኑ ከምግቡ ወይም ከሥራው ጋር ያልተመጣጠነለት ሕመምተኛ፣ የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አሳቡ ይበተናል፤ ካልተደረሰለትም ራሱን ይስታል፣ ይባስ ብሎም ሊሞት ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ስኳሩ በተደጋጋሚ ሲወርድበት ለብዙ ዓመት የኖረ ሰው እነዚህን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ቀስ በቀስ ማጣቱ ነው፤ ሰውነቱ መጮኹን ይተዋል፤ በእንቅልፉ ሳለ ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ቢቃረብ እንኳ ከጎኑ የተኛ ሰው ላያውቅ ይችላል። ዘብ ያስፈለገው ለዚህ ሌሊት ነው።

የዘቡ ትምህርት ቤት ከየት እንደ መጣ ለማየት ደግሞ ፊታችንን ወደ ዓይነ ስውራን መመለስ አለብን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፓሪስ ካንዝ ቫን በሚባለው የዓይነ ስውራን ሆስፒታል ውሾች መንገድ እንዲመሩ ይለማመዱ ነበር፤ በ1819 ዓ.ም. ደግሞ በቪየና የዓይነ ስውራንን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ዮሐን ቪልሄልም ክላይን የመሪ ውሻን አሠለጣጠን በመጽሐፉ ጻፈ። ነገሩ ሥርዓት ያለው ሙያ የሆነው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ብዙ የጀርመን ወታደሮች ዓይናቸውን አጥተው ስለ ተመለሱ፣ ዶክተር ጌርሃርድ ሽታሊንግ በ1916 ዓ.ም. በኦልደንቡርግ ከተማ የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ከፈተ። ዶሮቲ ዩስቲስ የተባሉት፣ በስዊስ አገር ተቀምጠው ውሻ ያሠለጥኑ የነበሩ አሜሪካዊት እመቤት፣ በፖትስዳም የተከፈተውን ተመሳሳይ ትምህርት ቤት አይተው ያደነቁትን በ1927 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ቢጽፉት፣ ሞሪስ ፍራንክ የተባለ የናሽቪል ተወላጅ ዓይነ ስውር ወጣት ጽሑፉ ተነበበለትና ለእርሱም እንዲህ ያለ ውሻ እንዲሰጠው ለመነ።

ፍራንክ በ1928 ዓ.ም. ወደ ስዊስ ተሻግሮ ባዲ ብሎ ከሰየማት የጀርመን እረኛ ዝርያ ውሻ ጋር ተማረ። ተማረ የምለው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ውሻይቱ አስቀድማ የሠለጠነች ስትሆን፣ ብዙው ድካም የሰውየው ነበርና። እጁን በእጀታው ላይ አኑሮ እርስዋ ስትቆም መቆምን፣ እርስዋ ስትታጠፍ ያለ ጥርጥር መታጠፍን፣ የራሱን ፍርድ ለሌላ ፍጡር ፍርድ አሳልፎ መስጠትን መልመድ ነበረበት። ወደ አሜሪካ ተመልሶ በኒው ዮርክ መኪናና ጋሪ በሚተራመስበት ሰፊ ጎዳና ጋዜጠኞች እየተመለከቱ ከባዲ ጋር በተሻገረ ጊዜ፣ ለወይዘሮ ዩስቲስ የላከው ቴሌግራም መሳካቱን የሚያበሥር አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። በ1929 ዓ.ም. ጥር ወር በናሽቪል የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ባዲ ከሞተች በኋላም ፍራንክ ተከታትለው የመጡትን መሪ ውሾቹን ሁሉ በዚያው ስም ሲጠራቸው ኖረ። ከዚህ ትምህርት ቤት ሥርዓት ውስጥ ለኛ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጌታው ወደ ፊት ሂድ ሲለው መኪና ወይም ገደል ያየ ውሻ ትእዛዙን እንዲጥስ መማሩ ነው። መታዘዝን ሁሉም ውሻ ይማራል፤ ለጌታው ሕይወት ሲል አለመታዘዝን መማር ግን የሙያው አክሊል ነው።

ከዚያው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ለስኳር ሕሙማን ተርፎ ደርሶአል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመን አገር ቍስለኛ የሚፈልጉ የሕክምና ውሾች መሠልጠን ጀምረው ነበር፤ ጦርነቱም በመጣ ጊዜ እነዚህ ውሾች በሌሊት ከምሽግ እየወጡ በየጕድጓዱና በየቍጥቋጦው የወደቀውን ወታደር ያሸቱ ነበር። ቍስለኛ ያገኘ ውሻ ቢጮኽ ጠላት ይሰማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የወታደሩን ቆብ ወይም ከልብሱ ቍራጭ ይዞ እንዲመለስ ተማረ፤ ነገር ግን ቆቡን ያጣ ውሻ የቍስሉን መጠቅለያ ሳይቀር እየጐተተ ቍስለኛውን አስቸገረ። በመጨረሻም ብሪንግዘል የሚሉት አጭር የቆዳ ዱላ ከውሻው አንገት ላይ ተንጠለጠለ፤ ውሻው ሰው ሲያገኝ ይህን ዱላ በጥርሱ ነክሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ወደ ላኪው ይመለሳል፤ በአፉ ዱላውን የያዘ ውሻ ያየ ሐኪምም ተከትሎት ይሄዳል። ይህ ዱላ ዛሬ በካሊፎርኒያ ከሚሠለጥኑት የስኳር ሕሙማን ውሾች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። በስብሰባ ወይም በቤተ ክርስቲያን መካከል የጌታው ስኳር መውረዱን ያወቀ ውሻ ሳይጮኽ፣ ማንንም ሳያስደነግጥ፣ ዱላውን ነክሶ ፊት ለፊት ይቆማል፤ የጦር ሜዳ ዝምታ ለሕመምተኛው ክብር ሆነለት ማለት ነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ውሻ የስኳርን መውረድ ያውቃል ብሎ ያሰበ ሊቅ አልነበረም። ይህን ያወቁት ማንም ያላሠለጠናቸው የቤት ውሾች ናቸው። በ1989 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት፣ በእመቤቷ እግር ላይ ያለውን ጥቍር ምልክት ዘወትር እያሸተተ ያስቸገራትን ውሻና፣ ምልክቱ ሲመረመር ክፉ የቆዳ ካንሰር ሆኖ መገኘቱን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ አወጣ። በ2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ የብሪታንያ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የሦስት ሕመምተኞችንና የሦስት ውሾችን ታሪክ አተመ፤ አንደኛዋ ውሻ የእመቤቷ ስኳር ሲወርድ ከክፍሉ ሮጣ ወጥታ ወንበር ሥር ትደበቅና፣ እመቤቷ በልታ እስክትሻላት ድረስ አትወጣም፤ ሌላዪቱ ሌሊት በአፍንጫዋ እየገፋች ከእንቅልፍ ትቀሰቅሳለች፤ ሦስተኛው ወዲያና ወዲህ ከተንጐራደደ በኋላ ራሱን በእመቤቱ ጭን ላይ ያስደግፋል። አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ይቀሰቅሳል፣ አንዱ ያጽናናል፤ ሦስቱም ግን ከሰው አስቀድመው ያውቃሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣ ጥናት 212 ውሻ ያላቸውን የስኳር ሕመምተኞች ቢጠይቅ፣ 138ቱ ውሻቸው ስኳራቸው በወረደ ጊዜ ቢያንስ አንድ ጊዜ ልዩ ጠባይ እንዳሳየ መሰከሩ።

ማርክ ሩፈናክት የተባለው አሜሪካዊ፣ ራሱ የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ለዓይነ ስውራን መሪነት የታጨ ቡችላ ያሳድግ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. በጕዞ ላይ ሳለ በሌሊት ስኳሩ ወርዶበት ቡችላው እየታገለ ስለ ቀሰቀሰው፣ ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር በትምህርት ሊገኝ ይችላል ብሎ አሰበ። አርምስትሮንግ የተባለ ላብራዶር ውሻ አሠልጥኖ አሳቡ እውነት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላም በ2004 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ለዚሁ ሥራ ማኅበር አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ውሾች ብዙዎቹ ከዓይነ ስውራን መሪ ውሾች ትምህርት ቤት፣ ለመሪነት ሳይመቹ ቀርተው የተሰናበቱ ነበሩ። በእንግሊዝ አገርም ክሌር ጌስት የተባሉት የእንስሳት ጠባይ ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋር በ2008 ዓ.ም. በሽታን በጠረኑ የሚለዩ ውሾች የሚሠለጥኑበትን ድርጅት መሠረቱ።

አሠለጣጠኑን ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው ትዕግሥቱ ያስደንቃል። ሕመምተኛው ስኳሩ መውረዱን በመለኪያው ባየ ጊዜ ቍራጭ ጥጥ አፉ ውስጥ አድርጎ በምራቁ ያርሰዋል፤ ጥጡንም በሚገባ በሚከደን ዕቃ አሽጎ በረዶ ቤት ያኖረዋል። በማሠልጠኛው ቀዳዳ ያላቸው ቆርቆሮዎች በተርታ ይደረደሩና በአንዱ ውስጥ ያ ጥጥ፣ በሌላው ያው ሰው ስኳሩ ደኅና ሳለ ያረሰው ጥጥ፣ በሌላውም ምንም ያልነካው ንጹሕ ጥጥ ይገባል፤ ይህም ውሻው የሚለየው የሰውየውን ጠረን ሳይሆን የስኳሩን መውረድ እንዲሆን ነው። ውሻው በትክክለኛው ቆርቆሮ ፊት በቆመ ጊዜ ወዲያው ምግብ ያገኛል። ከብዙ ሳምንት በኋላ ጥጡ በአሠልጣኙ ኪስ ይደበቃል፤ ውሻው እየበላም፣ እየተጫወተም፣ ተኝቶም ሳለ ሽታው ሲመጣበት ሥራውን ትቶ ምልክት እንዲሰጥ ይለምዳል። የውሻ አፍንጫ ከ200 ሚሊዮን በላይ የማሽተቻ ሕዋሳት አሉት ይባላል፤ የሚያሸተው ምን እንደ ሆነ ግን ለብዙ ጊዜ ምሥጢር ነበር። በ2016 ዓ.ም. የካምብሪጅ ሐኪሞች የስምንት ሴቶች ስኳር በጥንቃቄ ዝቅ እንዲል አድርገው ትንፋሻቸውን ቢመረምሩ፣ አይሶፕሪን የተባለ ረቂቅ ጋዝ በግልጥ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ውሻው የሚያሸተው ይህንኑ ሊሆን እንደሚችልም ገመቱ።

ሽታውን ማስተማር ግን የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ፍቅር ነው። ውሻው ወደ ሕመምተኛው ቤት ከገባ በኋላ የሚመግበው፣ የሚያጥበው፣ ለሽርሽር የሚያወጣው ሕመምተኛው ራሱ እንዲሆን ይታዘዛል፤ ሌሊትም አልጋው አጠገብ ይተኛል፤ ምክንያቱም ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ተኝቶ የሚያንኰራፋውን ጌታውን እስኪነቃ ድረስ የሚታገል ውሻ ይህን የሚያደርገው ለቍራሽ ሥጋ ብቻ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ደግሞ አእምሮው ስለሚደክም ብዙ ጊዜ ተወኝ፣ ደኅና ነኝ ብሎ ይቈጣል፤ ያን ጊዜ ውሻው ቍጣውን ችሎ፣ ትእዛዙን ጥሶ፣ ደግሞ ደግሞ መንካት አለበት። በአገራችን ውሻ ወሰኑ ደጅ ነው፤ በበላበት ይጮኻል እንጂ ከመኝታ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ለልጁ እንዲህ ያለ ውሻ ቢታዘዝለት ከሽማግሌ ዘመዶቹ ተግሣጽ ሊገጥመው ይችላል። ይሁን እንጂ ጦብያ ለአባቱ ዓይን መድኃኒት ባገኘበት መንገድ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት እንደ ተከተለ በመጽሐፈ ጦቢት እናነባለን፤ የአልዓዛርንም ቍስል ባለጠጋው ሳያየው ቀርቶ ሲልሱለት የነበሩት ውሾች ናቸው። ድውይን መጎብኘት ለውሻ እንግዳ ግብር አይደለም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሙያውን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አልሻም። በ2019 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር 27 የሠለጠኑ ውሾች ስኳር ከልክ በወጣባቸው ከ4,000 በላይ ጊዜያት ያደረጉት ተመዝግቦ፣ ከውሾቹ መካከለኛው ከመቶ 83 የሚሆነውን የስኳር መውረድ እንዳስጠነቀቀ ታወቀ፤ ከሁለት ዓመት አስቀድሞ ግን በአሜሪካ በኦሪገን ስምንት ሕመምተኞች ቍጥሩ የማይታያቸው መለኪያ በሰውነታቸው ላይ ተደርጎ ሲመረመሩ፣ ውሾቻቸው ያስጠነቀቁት ከመቶ 36 ብቻ ነበር። ውሻ ከውሻ፣ አሠልጣኝ ከአሠልጣኝ፣ ቤት ከቤት ይለያያል። ይህን ልዩነት ተገን አድርገው ያልሠለጠነ ቡችላ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡም ተነሥተዋል፤ በ2018 ዓ.ም. የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ አንዱን ሻጭ በዚሁ ምክንያት ፍርድ ቤት አቅርቦታል። ልጃቸው በእንቅልፉ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ያላቸውን ሁሉ የከፈሉ ወላጆችን ማታለል፣ ከማንኛውም የንግድ ማጭበርበር የከፋ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ መንግሥት በ1990 ዓ.ም. ባወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ደንብ፣ ለጌታው ሕመም የሚረዳ ሥራ የሠለጠነ ውሻ ወደ ሱቅና ወደ ምግብ ቤት እንዲገባ ፈቅዶአል፤ ነገር ግን ደንቡ የምስክር ወረቀት ስለማይጠይቅ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ ማኅተም የለም።

ሩፈናክትን ቡችላው በቀሰቀሰበት በዚያው በ1999 ዓ.ም. ስኳርን ሌት ተቀን የሚለካ ከሰውነት ጋር የሚያያዝ መሣሪያ በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር፤ ዛሬ እጅግ ተሻሽሎ፣ ስኳር ሲወርድ በስልክ ይጮኻል። ስለዚህ ውሻው ከንቱ ሆነ የሚሉ አሉ። እኔ ግን መሣሪያውም ሆነ ውሻው ብቻውን እንዲፈርድ ከማያደርጉት አሠልጣኞች ጋር እስማማለሁ። በደንብ በሚመራ ማሠልጠኛ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ውሻው ምልክት በሰጠ ቍጥር ሕመምተኛው ጣቱን ወግቶ ደሙን ይለካል፤ ቍጥሩ ወርዶ ከተገኘ አስቀድሞ ራሱ ስኳር ይወስዳል፣ ቀጥሎም ለውሻው ዋጋውን ይሰጣል፤ ቍጥሩ ደኅና ከሆነ ግን ውሻውን ሳይቈጣ ዋጋውን ይከለክለዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደ ገና ይለካል፤ ምክንያቱም ውሻው ከመለኪያው ቀድሞ ሊሆን ይችላልና። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቍጥሩን በመዝገብ ይጽፋል፤ አሠልጣኙም በየጊዜው እየመጣ መዝገቡን ያነባል፣ ውሻው የሳተበት ከበዛ አዲስ ጥጥ አሳርሶ ከቆርቆሮው ረድፍ ትምህርቱን ያስጀምረዋል።